ስለ ኮምፒዩተር መሰናከል፤ እርዳታ ከመጠየቅ በፊት መሰብሰብ ስለሚገባው ማስረጃ

አንድ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አመመኝ» ብሎ ብቻ ዝም ቢል፥ ሐኪሙ ምንም ያህል የተማረ ቢሆን መድኃኒት ሊያዝለት አይችልም። የት እንደሚያመው፥ መቼ እንደጀመረው፥ በምን ጊዜ እንደሚብስበት፥ ከዚያ በፊት ምን እንደወሰደ መጠየቁ የማይቀር ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸው ስለዚሁ ነው። የኮምፒዩተርም ነገር ከዚህ አይለይም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ኮምፒዩተራችን በድንገት ሲጠፋ ወይም ስታክ ሲያደርግ ወደሚያውቅ ሰው ሮጠን የምንናገረው ያንኑ «አመመኝ» የሚለውን ቃል ነው፤ «ኮምፒዩተሬ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?» እንላለን፤ ከዚህ አልፎ የምናቀርበው የለንም።

የዚህ ጉዳት ቀላል አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚቀርብበት ወራት ይህ ነገር በየመኝታ ቤቱ ይደርሳል። አስረጂ ነገር ያልቀረበለት ጠጋኝ አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ፎርማት ደግሞ ሁለት ነገር ያጠፋል። አንደኛ፥ ባክአፕ ካልተያዘ የተማሪውን የወራት ድካም፤ ሁለተኛ፥ ማሽኑ ስለ ገዛ ሕመሙ ጽፎ ያስቀመጠውን ማስረጃ ሁሉ። የሕመሙ ምክንያት የተበላሸ ራም ወይም አቧራ የዘጋው ማቀዝቀዣ ከሆነ፥ ፎርማት የተደረገው ማሽን ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይሰናከላል፤ ተማሪውም ጽሑፉንም ገንዘቡንም አጥቶ ከመጀመሪያው ቦታ ይቆማል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ እርዳታ ከመጠየቃችን በፊት ምን ምን ማስረጃ መሰብሰብ እንደሚገባን፥ ከየትም እንደሚገኝ፥ እንዴትም እንደሚቀርብ በአጭሩ ልናስረዳ እንሞክራለን። አብዛኞቻችን የምንሠራው በዊንዶውስ ስለሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያው ወስደናል፤ ሥርዓቱ ግን ለሌላውም ይሠራል።

ሀ) መዝግቦ የማስቀመጥ ልማድ

የኮምፒዩተርን ብልሽት መመዝገብ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማርክ 2 በተባለው የሃርቫርድ ኮምፒዩተር ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ማሽኑ ቢሳሳትባቸው ገልጠው ሲመለከቱ፥ 70 ቁጥር በተሰጠው ሪሌ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ አገኙ። አውጥተው ወዲያ አልጣሏትም፤ በዕለቱ መዝገብ ላይ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈው፥ ራሷንም በፕላስተር አጣብቀው አስቀመጧት። ያ መዝገብ ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው ስለ ራቷ ነው፤ እኛ ግን ትምህርት የምናገኘው ከመዝገቡ ነው ብለን እናምናለን። ሰዓት፥ ቦታ፥ የተገኘው ነገር፤ ሦስቱ ተጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ማሽኖች ረቀቁ እንጂ ጥያቄዎቹ አልተለወጡም።

ለ) የመሰናከል ዓይነቶች

በቅድሚያ «ክራሽ አደረገ» የምንለው ነገር አንድ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በአራት ከፍለን ልናየው እንችላለን።

1ኛ፥ አንድ ፕሮግራም ብቻ ሲዘጋ። የምንጽፍበት ፕሮግራም በድንገት ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው በመጀመሪያ በፕሮግራሙና በተከፈተው ፋይል ላይ ይወድቃል።

2ኛ፥ ዊንዶውስ ራሱ ሲቆም። ብሉ ስክሪን የምንለው ይህ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ሰማያዊውን በጥቁር መተካት ስለጀመረ፥ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ጽሑፍ ቢታይበት ያው እንደሆነ አንሳት። ይህ የሚሆነው የሥርዓቱ ማዕከል ሊያልፈው የማይችለው ስሕተት ሲያጋጥመው፥ የባሰ ጥፋት ከሚመጣ ብሎ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ሲያቆም ነው።

3ኛ፥ ሁሉ ነገር ደርቆ ሲቀር። አይጡም ፊደል መምቻውም አይሰማም፤ ስክሪኑ ግን እንደበራ ነው።

4ኛ፥ ያለ አንዳች መልእክት ድርግም ብሎ ሲጠፋ። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ይልቁንም ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል፥ ወደ ባትሪ፥ ወደ ቻርጀርና ወደ ሙቀት ያዘነብላል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሥራቸውን ያዘገያሉ፤ ከዚያ ቢያልፍ እንዳይቃጠሉ ሲሉ ማሽኑን ያጠፉታል።

እንግዲህ «ጠፋብኝ» ከማለት ይልቅ «ከአራቱ ይኸኛው ነው» ብሎ መናገር ብቻ እንኳ የረዳታችንን ፍለጋ በብዙ ያሳጥርለታል።

ሐ) ማሽኑ ራሱ የሚጽፈው ማስረጃ

ብዙዎች የማያውቁት ነገር፥ ዊንዶውስ በተሰናከለ ቁጥር የኑዛዜውን ቃል ጽፎ የሚያልፍ መሆኑን ነው። የሚከተሉትን እንመልከት።

የመጀመሪያው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ስቶፕ ኮድ ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ወይም «ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ» የሚል ስም፥ አንዳንድ ጊዜም ስሕተቱ የደረሰበት ፋይል ስም ይጻፋል። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት ይበቃል። ስክሪኑ ቶሎ ብሎ ሪስታርት እያደረገ ካላስነበበን፥ በሲስተም ማስተካከያው «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው ሥፍራ በራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ ማዘዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ደምፕ የሚባለው ፋይል ነው። ኮምፒዩተሩ በወደቀባት ቅጽበት በሜሞሪው ውስጥ የነበረው ነገር ቅጂ ነው። ትንሹ ቅጂ በሲ ድራይቭ፥ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» በሚባለው ንዑስ ፎልደር ይቀመጣል፤ በስሙም ላይ የደረሰበት ቀን ይጻፋል። ትልቁ ቅጂ በዚያው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሜሞሪ» ተብሎ ይገኛል። ትልቁ ፋይል እንደ ተለመደው አሠራር በሚቀጥለው ብልሽት በአዲስ ስለሚተካ፥ የተፈለገ እንደሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይገባል። ትንንሾቹ ግን በየቀኑ ተለይተው ስለሚቀመጡ አራት አምስቱን አብሮ ማቅረብ ይሻላል፤ አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላል፥ አምስት ምስክሮች አንድ ስም ከጠሩ ግን ነገሩ ይጠናል። ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ቢገኝ «ፔጂንግ ፋይል» የሚባለው ተዘግቶ እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል፤ ደምፑ በመጀመሪያ የሚጻፈው በዚያ ላይ ነውና። የዲስክ ማጽጃ ፕሮግራሞችም እነዚህን ፋይሎች እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ስለሚጠርጉአቸው፥ ብልሽቱ እስኪታወቅ ድረስ ማጽጃውን ማቆየት መልካም ነው።

ሦስተኛው «ኢቨንት ቪዩወር» የሚባለው የዕለት መዝገብ ነው። በዚያ «ሲስተም» በሚለው ክፍል ቁጥር 41 የተጻፈበት መስመር ቢገኝ፥ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ምክንያቱን አይነግርም። መብራት በሄደ ጊዜም፥ ብሉ ስክሪን በመጣ ጊዜም፥ ተማሪው መክፈቻውን ተጭኖ በግድ ባጠፋ ጊዜም ይኸው 41 ይጻፋል። ልዩነቱ የሚታወቀው በዝርዝሩ ውስጥ ባለው «በግቼክ ኮድ» ነው። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ስሕተት ለመመዝገብ ጊዜ አላገኘም፤ ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይሉ ወይም ወደ መድረቅ እንጠራጠራለን። ዜሮ ካልሆነ ስቶፕ ኮዱ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር አለ። ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው በተለመደው በአሥር ቤት ሲሆን፥ የስቶፕ ኮዶች ዝርዝር ግን በአሥራ ስድስት ቤት ነው። ለምሳሌ ያህል መዝገቡ 159 ቢል፥ 159ን ለ16 ስናካፍል 9 ደርሶ 15 ይተርፋል፤ በአሥራ ስድስት ቤት 15 «ኤፍ» ተብሎ ስለሚጻፍ ኮዱ 9ኤፍ ይሆናል። ይህም አንድ ድራይቨር ማሽኑ ሲተኛ ወይም ሲነቃ በጊዜው አልታዘዘም ማለት ነው። 159 ብሎ በስቶፕ ኮዶች ዝርዝር ላይ የፈለገ ሰው የማይሆን ነገር ያገኛል።

በዚያው መዝገብ «አፕሊኬሽን» በሚለው ክፍል ቁጥር 1000 ስለ ተዘጋ ፕሮግራም፥ ቁጥር 1002 ስለ ደረቀ ፕሮግራም ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ማንበብ ለሚከብደው «ሪላየቢሊቲ ሂስትሪ» የተባለው ገጽ የየቀኑን ብልሽትና በዚያው ቀን የተጫነውን አዲስ ነገር ጎን ለጎን በሥዕል ያሳያል። ብልሽቱ የጀመረበት ቀንና አንድ አዲስ ድራይቨር የተጫነበት ቀን አንድ ሆነው ሲገኙ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

አራተኛው የማሽኑ ማንነት ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና የአርን ቁልፍ አብረን ተጭነን፥ በሚከፈተው ሣጥን ውስጥ ኤም፥ ኤስ፥ አይ፥ ኤን፥ ኤፍ፥ ኦ፥ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላትና 32ን አያይዘን ብንጽፍ፥ የማሽኑ ሞዴል፥ ፕሮሰሰሩ፥ የራሙ መጠን፥ የባዮሱ ቀንና የድራይቨሮቹ ዝርዝር ይመጣል። ከፋይል ምርጫው ውስጥ ሴቭ ብለን አብረን ማቅረብ እንችላለን።

በሊኑክስ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ከመሰናከሉ በፊት የነበረውን መዝገብ በ«ጆርናልሲቲኤል» ማንበብ ይችላሉ፤ በማክ የሚሠሩ ደግሞ «ኮንሶል» በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የብልሽቱን ሪፖርት ያገኙታል።

መ) እኛ ራሳችን የምንጽፈው ማስረጃ

ማሽኑ የማያውቀው፥ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ነበር ወይስ በባትሪ ነበር? ፍላሽ ተሰክቶ ነበር? መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ነበር? ላፕቶፑ አልጋ ላይ፥ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ የአየር መግቢያው ተዘግቶ ነበር? ከጥቂት ቀን በፊት ወድቆ፥ ተከፍቶ፥ ራም ተጨምሮበት ነበር? እነዚህን በየትኛውም ፋይል ውስጥ አናገኛቸውም።

ስለዚህ አንድ ተራ ደብተር አዘጋጅቶ በተሰናከለ ቁጥር አምስት ነገር መጻፍ ይበቃል፦ ቀንና ሰዓት፤ ከአራቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ፤ ምን እየተሠራ እንደነበር፤ ምን ተሰክቶ እንደነበር፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ። አምስት ስድስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ብዙ ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ ብቅ ይላል፤ «ሁልጊዜ ቪዲዮ ሲታይ ነው»፥ «ሁልጊዜ ከተነሣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው»፥ «በባትሪ ሲሠራ አንድም ቀን አልሆነም» ለማለት ያስችላል።

መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ደግሞ ይህ ደብተር በተለይ ይጠቅማል። መብራት የሄደበትን ሰዓት ከቁጥር 41 ሰዓት ጋር ቢያስተያይ፥ የማሽኑን ጥፋት ከመብራቱ ጥፋት ይለያል። በዚህም መንገድ የሚያስፈልገው አዲስ ኮምፒዩተር ሳይሆን አዲስ ባትሪ ወይም ዩፒኤስ መሆኑን የሚረዳ ሰው ይኖራል።

ሠ) ማስረጃ ነገርን እንዴት እንደሚፈታ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በዓለም ላይ ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ብሉ ስክሪን አሳዩ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው ቁጥራቸው 8.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ታወኩ። እያንዳንዱ ባለሙያ የገዛ ማሽኑን ብቻ ቢመለከት ኖሮ አንዱ ራም፥ ሌላው ዲስክ፥ ሌላው ቫይረስ ነው ባለ ነበር። ነገር ግን ከየሥፍራው የተሰበሰበው ማስረጃ አንድ ዓይነት ነበረ፤ ስሕተቱም ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ወደሚጭነው ድራይቨር ያመለክት ነበር።

ኩባንያው በዚያ ሌሊት 291 ቁጥር የተሰጠው አንድ የማደሻ ፋይል ልኮ ነበር። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደታወቀው፥ ፕሮግራሙ 21ኛ ዋጋ ለማንበብ ሲሞክር የቀረቡለት ግን 20 ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ የእርሱ ካልሆነ የሜሞሪ ሥፍራ ለማንበብ ሄደ፥ ዊንዶውስም ቆመ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መለሰው። ቀደም ብለው የተሰናከሉት ግን ብዙዎቹ በሴፍ ሞድ እየተነሡ ፋይሉ በእጅ እንዲጠፋላቸው አስፈለገ። ማንም ፎርማት ሊያደርግ አላስፈለገውም፤ አንድ ፋይል ማጥፋት በቂ ነበር። ማስረጃን የማንበብ ጥቅም ከዚህ የበለጠ ምን ያሳየው ይሆን?

ረ) ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

በመጀመሪያ፥ ማስረጃ ከመሰብሰብም በፊት የመመረቂያ ጽሑፋችንን ወደ ፍላሽና ወደ ሌላ አንድ ሥፍራ እንገልብጥ። የታመመ ዲስክ ለምርመራ ጊዜ ላይሰጠን ይችላል።

ሁለተኛ፥ ዲስካችን በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፥ ወደ ሴፍ ሞድና ወደ ጥገና ሥራ ከመግባታችን በፊት 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ጽፈን እንያዝ። በ2024 ብዙ ባለሙያዎች ሥራቸው የዘገየው ይህን ቁጥር ሲፈልጉ ነው።

ሦስተኛ፥ ትልቁ የሜሞሪ ደምፕ በዚያች ቅጽበት ተከፍተው የነበሩትን ደብዳቤዎችና የይለፍ ቃላት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለማናውቀው ሰው አይሰጥም። ለብዙው ሥራ ትንሹ ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን ለታመነ ሰው ነው የሚሰጠው።

አራተኛ፥ በደምፑ ውስጥ ስሙ የተጠራ ድራይቨር ሁሉ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ሌላው ያበላሸውን ሜሞሪ ኋላ መጥቶ የነካው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ሬሳ አጠገብ የተገኘ ሁሉ ገዳይ እንደማይባል ማለት ነው። ስሞቹ በየጊዜው የሚለዋወጡ ከሆነ ይልቁንም ራሙን መፈተሽ ይሻላል። ለዚህም በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መፈተሻ፥ ወይም ከፍላሽ የሚነሣው ሜምቴስት86 ይረዳሉ።

አምስተኛ፥ «ድራይቨር ቬሪፋየር» የተባለውን መፈተሻ ካለ አዋቂ ምክር አንክፈት። ድራይቨሮችን አስጨንቆ ሆን ብሎ እንዲወድቁ ስለሚያደርግ፥ ማሽኑ እየተነሣ እየወደቀ ሊያስቸግረን ይችላል።

ስድስተኛ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። በአንድ ማታ ድራይቨር አድሶ፥ ራም ነቅሎ፥ ፕሮግራም አጥፍቶ የዳነለት ሰው በምን እንደዳነ አያውቅም፤ ሲመለስበትም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሰ) ጥያቄውን እንዴት እንጻፈው?

ከዚህ ቀጥሎ ለአብነት ያህል አንድ ጥያቄ እናቀርባለን።

«ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት፥ ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ባለፉት 10 ቀናት 6 ጊዜ ብሉ ስክሪን አሳይቷል። ስድስቱም ጊዜ የሆነው ተኝቶ ሲነቃ ነው፤ ሥራ ላይ እያለ አንድም ጊዜ አልሆነም። ስቶፕ ኮዱ ሁልጊዜ 9ኤፍ ነው። ይህ ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊት የዋይፋዩ ድራይቨር ታድሶ ነበር። ራሙን ፈትሼ ስሕተት አላገኘሁም፤ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ግን ገና አልሞከርኩም። የአራት ቀን ሚኒደምፕና የማሽኑን ሪፖርት አዘጋጅቼአለሁ፤ ጽሑፎቼን ገልብጬ ይዣለሁ።»

ይህን ያነበበ ረዳት በመጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የዋይፋዩን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መልሶ ሦስት አራት ቀን ማየት ነው። ቢድን መልካም፤ ባይድን ደምፖቹን ከፍቶ ያልታዘዘው ድራይቨር የትኛው እንደሆነ ይመለከታል። ከጥያቄው ውስጥ የሞከረውንና ያልሞከረውን ለይቶ መናገሩንም ልብ እንበል፤ ይህ የረዳቱን ጊዜ ያተርፋል። ጊዜውን በነጻ የሚሰጠን ሰው፥ ይልቁንም ራሱ ፈተና ያለበት ጓደኛችን ከሆነ፥ ይህን ያህል አክብሮት ይገባዋል።

ከዚህም በቀር መፍትሔው ከተገኘ በኋላ ውጤቱን ለረዳን ሰው ተመልሶ መንገርና በደብተሩ ላይ መጻፍ ግዴታችን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የያዙ ብዙዎች ስለሚኖሩ፥ የአንዱ መድኃኒት የሌላውም ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። በቤተ ሙከራና በመጽሐፍ ቤት ማስረጃ ሳይቀርብ ነገር እንደማይታመን ስንማር ከርመናል። እንግዲህ ይህንኑ ትምህርት ጠረጴዛችን ላይ ላለው ማሽን ብንነፍገው፥ ተምረነዋል ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ኮምፒዩተራችን ደኅና ሳለ ጽሑፋችንን እንገልብጥ፤ የሚኒደምፑን ፎልደርና የዕለት መዝገቡን ከፍተን አንድ ጊዜ እንያቸው፤ የመክፈቻ ቁጥራችንን በወረቀት እንጻፍ። ሕመሙ የመጣ ዕለት መንገዱን ከመፈለግ ይልቅ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላልና።